ስለ ሞተር ሳይክል የኋላ መብራት አቀያየር
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሞተር ሳይክል የኋላ መብራት ነው። አሮጌው መብራት ሲሰበር ወይም ሲቃጠል አዲስ እንገዛለን። የገዛነውን መብራት በቤታችን ደጃፍ፣ በገዛ እጃችን እንዴት እንደምንገጥመው እነግራችኋለሁ። ሞተር ሳይክል የሌላችሁም አድምጡ። ማታ ከገበያ ስትመለሱ ዶቅዶቄው ላይ ከኋላ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁና።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የፊት መብራት ለማን ነው? ለነጂው ነው። መንገዱን ያይበታል። ሲጠፋበትም ወዲያው ያውቃል፤ ጨለማው ራሱ ይነግረዋል። የኋላ መብራትስ ለማን ነው? ከኋላ ለሚመጣው ሰው ነው። ስለዚህ ሲጠፋ ነጂው አያውቅም። አንድ ወር ሙሉ ጠፍቶ ሊከርም ይችላል። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ግን የሚሰማው በመጨረሻ ነው።

እኔም የሰማሁት በመጨረሻ ነው። እንዴት እንደሰማሁ ላጫውታችሁ።

በ2009 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ነው። ከደብረ ሲና ተነስቼ ወደ ደብረ ብርሃን እወጣ ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዳገቱ ጠመዝማዛ ነው። ጣርማ በር ላይ በክረምት ጉሙ ሲወርድ የገዛ እጅን አያሳይም። ሰዓቱ ወደ አሥራ ሁለት ተኩል ግድም ሆኗል። በጎች መንገዱን ሲያቋርጡ አየሁና ፍሬን ያዝኩ። ወዲያው ከኋላዬ የጭነት መኪና ጎማ ሲንሿጠጥ ሰማሁ። ጥሩምባውም አብሮ ጮኸ። ዞር ብል የመኪናው አፍንጫ ከእኔ አንድ ክንድ አይርቅም።

ሾፌሩ ወረደ። ዕድሜው የአባቴ ነው። ሊሰድበኝ የወረደ መስሎኝ ነበር። ሳየው ግን እጁ ይንቀጠቀጣል።

"አንተ ልጅ፣ ልታስገድለኝ ነው?" አለኝ። "ቀይ መብራትህን አይቻለሁ። ከታች ጀምሮ እሷን እያየሁ ነው የመጣሁት። ፍሬን መያዝህን ግን በምን ልወቅ? መብራትህ እንዳለች ናት። አልጨመረች፣ አልቀነሰች!"

"ኧረ ጋሼ፣ መብራቱ አዲስ ነው። የገጠምኩት ባለፈው ሳምንት ነው" አልኩት።

"አዲስ ይሁን አሮጌ እኔ ምን ቸገረኝ! እስቲ ፍሬኑን ያዘው።" ያዝኩ። ጎንበስ ብሎ አየ። "ልቀቀው።" ለቀቅኩ። "ያው ናት" አለና ራሱን ነቀነቀ።

ያን መብራት የገጠምኩት እኔው ነበርኩ። ገጥሜ፣ ቁልፉን ከፍቼ፣ ቀይ ብርሃን ሳይ "በቃ፣ ሠራ" ብዬ ተነሳሁ። ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይሬ እንዳሰርኩ ያወቅኩት ያን ዕለት ማታ፣ ቤቴ ገብቼ ስፈታው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኋላ መብራት አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። በአንድ ቀይ ሽፋን ውስጥ ሁለት መብራቶች አሉ። አንደኛው ደካማ ነው። ማታ ማታ ሳያቋርጥ ይበራል። "እዚህ ነኝ" ይላል። ሁለተኛው ብርቱ ነው። የሚበራው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው። "ልቆም ነው" ይላል። መካኒኮች ይህን ሁለተኛውን "ስቶፕ" ይሉታል። እኛ ዛሬ ደካማውን የማታ መብራት፣ ብርቱውን የፍሬን መብራት እንበላቸው።

የድሮውን አምፖል አውጥታችሁ ከብረቱ ላይ ያለውን ጽሕፈት አንብቡ። ብዙውን ጊዜ 12 የሚል ታገኛላችሁ። ቀጥሎም 21/5 የሚል አለ። 12 የኤሌክትሪኩ ግፊት ነው፤ ቮልት ይባላል። 21 የፍሬን መብራቱ ኃይል ነው፤ 5 የማታ መብራቱ ኃይል ነው፤ ይህ ደግሞ ዋት ይባላል። 21 ከ5 አራት እጥፍ ይበልጣል። ከኋላ ያለው ሰው የሚያነበው ይህን ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከጠፋ ቀይ ብርሃን ቢኖርም ለሾፌሩ የሚነግረው ነገር የለም።

እኔ ያደረግኩት ስሕተት ይህ ነው። የማታውን ሽቦ ከብርቱው መብራት ጋር አሰርኩ። የፍሬኑን ሽቦ ከደካማው ጋር አሰርኩ። ስለዚህ ማታ ብርቱው ሁልጊዜ በርቶ ይኖራል። ፍሬን ስይዝ ደካማው ይጨመርበታል። በፀሐይ ላይ ኩራዝ እንደመለኮስ ነው፤ ማን ያየዋል?

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ግዢው ነው።

ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ባትሪያችሁን አንብቡ። ባትሪው ከመቀመጫው ሥር ወይም በጎን ካለው መክደኛ ውስጥ ነው። ላዩ ላይ 12 ወይም 6 የሚል ቁጥር አለ። ዛሬ የሚሸጡት ሞተር ሳይክሎች በአብዛኛው ባለ 12 ቮልት ናቸው። ከአሮጌዎቹ ትናንሾች መካከል ግን ባለ 6 ቮልት አሉ። ለ6 የተሠራ አምፖል በ12 ላይ ቢገጠም ቦግ ብሎ ወዲያው ይቃጠላል። ለ12 የተሠራው በ6 ላይ ቢገጠም ይፈዝዛል። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ሻጩ "ይሆናል፣ ውሰደው" ቢላችሁ እንኳ የመብራቱን ካርቶን ራሳችሁ አንብቡ።

አሁን ገበያ ላይ የበዛው ኤል ኢ ዲ የሚባለው ነው። የድሮው አምፖል ውስጡ ቀጭን ክር አለው። ክሩ ተንግስተን ከሚባል ብረት የተሠራ ነው። ሲግል ያበራል። የጠጠር መንገድ ሲያንገጫግጨው ግን ይበጠሳል፤ አምፖላችን ቶሎ ቶሎ የሚቃጠለው አንድም በዚህ ነው። ኤል ኢ ዲ ክር የለውም። ፍሬ ፍሬ የሆኑ ጥቃቅን መብራቶች ናቸው። ኤሌክትሪክ በትንሹ ይበቃቸዋል፤ ባትሪ አይጨርሱም። ዓይን ከሚያየው የኤል ኢ ዲ ብርሃን ቀድሞ የተሠራው ቀዩ መሆኑን ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1962 ኒክ ሆሎንያክ የተባለ አሜሪካዊ ሠራው። ለኋላ መብራት የታዘዘ ይመስላል።

ሌላም ጥቅም አለው። ክሩ እስኪግል ጥቂት ጊዜ ይፈጃል፤ ከሴኮንድ አምስተኛው እጅ ያህል ነው። ኤል ኢ ዲ ግን ወዲያው ይበራል። ይህ ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። አምስተኛው እጅ ሦስት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ያን ዕለት ጣርማ በር ላይ በእኔና በመኪናው መካከል የቀረው ከዚህ ያነሰ ነበር።

ስትገዙ ሽፋኑን ተመልከቱ። ቀይ ይሁን። ጥቁር ጭስ የመሰለ ሽፋን ያለው አለ፤ ወጣቶች ይወዱታል፤ ቀን ፍሬን ሲያዝ ግን አይታይም። ሰማያዊም ነጭም ወደ ኋላ የሚያበራ አትግዙ። ከሥሩ ደግሞ ትንሽ ነጭ መስኮት ቢኖረው ጥሩ ነው። በዚያች መስኮት የሚወርደው ብርሃን የሰሌዳውን ቁጥር ያሳያል። የብሎኖቹንም ርቀት በክር ለክታችሁ ክሩን ይዛችሁ ሂዱ። መብራቱ ቢያምርም ቀዳዳው ካልገጠመ ፓራፋንጎውን መብሳት ሊመጣ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ሙከራ አለች። ከመግዛታችሁ በፊት አድርጓት። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ፤ የመብራቱንም ማብሪያ አብሩ። የኋላው የማታ መብራት በራ? እንግዲያውስ ከባትሪ ነው የሚመጣው፤ ጥሩ ነው። አልበራም? አምፖሉ ደህና ሆኖ ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ከበራ መብራቱ የሚመጣው በቀጥታ ከማመንጫው ነው። አንዳንድ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች እንዲህ ናቸው። ያ ኤሌክትሪክ የባትሪ አይደለም፤ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ሞተሩ ሲጮህም ይጨምራል። ተራው ኤል ኢ ዲ በእንዲህ ያለው ላይ ይርገበገባል፤ ሊበላሽም ይችላል። የእናንተ እንዲህ ከሆነ ክር ያለውን አምፖል ግዙ፤ ወይም መካኒክ አማክሩ። እኔ ራሴ እዚያ ውስጥ አልገባም።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ባለ 8 እና ባለ 10 ቁልፍ፣ የኤሌክትሪክ ናስትሮ ይኑራችሁ። አንዲት ትንሽ የ12 ቮልት አምፖልም ያስፈልጋል። 5 ዋት ይበቃል። ሁለት ሽቦ እሰሩባት። መሞከሪያችን እሷ ናት። ቴስተር ያለው ሰው በቴስተር ይሥራ፤ የሌለው በዚህች አምፖል ይሥራ፤ ሥራው አንድ ነው።

የመጨረሻው መሣሪያ ወረቀትና እርሳስ ነው። አትሳቁ። ከፒንሳው ይልቅ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። እኔ ያን ጊዜ ወረቀትና እርሳስ ብይዝ ኖሮ ከሾፌሩ ጋር ባልተገናኘን።

ሥራውን በቀን ብርሃን ጀምሩ። ማርሚታው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ሞተር ሳይክሉን በደንብ አቁሙት። መቀመጫውን አንሱና ከኋላ መብራቱ የሚመጡትን ሽቦዎች በዓይናችሁ ተከተሉ። አንድ ቦታ ላይ ሶኬት ታገኛላችሁ። ሶኬቱን ንቀሉት። ከሞተር ሳይክሉ በኩል የሚመጡት ሦስት ሽቦዎች ናቸው። ፍሬቻውም አብሮ ካለ ይጨምራሉ። እስካሁን ምንም አትቁረጡ።

ሦስቱ ሽቦዎች እነማን ናቸው? አንደኛው የማታ ነው። ሁለተኛው የፍሬን ነው። ሦስተኛው የሁለቱም መመለሻ ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ መመለስ አለበት፤ መመለሻ ከሌለው አይሠራም። ይህን መመለሻ መካኒኮች "ማሳ" ይሉታል። የእርሻው ማሳ አይደለም። ስሙ ከጣሊያን የመጣ ነው።

"ሽቦውን በቀለሙ አውቀዋለሁ" የሚል ሰው አለ። እኔም እንዲያ ስል ነበር። እስቲ ስሙ። በብዙዎቹ የሆንዳ ሞተር ሳይክሎች ማሳው አረንጓዴ ነው፤ የማታው ቡናማ ነው፤ የፍሬኑ አረንጓዴ ሆኖ ቢጫ መስመር አለበት። በብዙዎቹ የያማሃ ደግሞ ማሳው ጥቁር ነው፤ የማታው ሰማያዊ ነው፤ የፍሬኑ ቢጫ ነው። ከገበያ የምትገዙት መብራት የራሱ ሌላ ቀለም ይዞ ይመጣል። በዚያ ላይ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት በምን ሽቦ እንደቀጠለው ማን ያውቃል? ቀለም አትመኑ። መሞከሪያዋን እመኑ።

ሙከራው እንዲህ ነው። የመሞከሪያዋን አንድ ሽቦ ቀለም ከሌለበት ንጹሕ ብሎን ላይ፣ ከሞተር ሳይክሉ አካል ጋር እሰሩ። ቁልፉን ክፈቱ። የመብራቱን ማብሪያ አጥፉ። በሌላው ሽቦ ሦስቱን በየተራ ንኩ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ መሞከሪያዋን የሚያበራት የትኛው ነው? እሱ የፍሬን ነው። ወዲያው በትንሽ ወረቀት ላይ "ፍሬን" ብላችሁ ጻፉ። ወረቀቷን በናስትሮ ሽቦው ላይ ጠቅልሏት። ቀጥሎ ማብሪያውን አብሩ። አሁን ፍሬን ሳይያዝ የሚያበራው የማታው ነው። "ማታ" ብላችሁ ጻፉና አስሩበት። በምንም መንገድ ያላበራው ሦስተኛው ማሳው ነው። "ማሳ" ብላችሁ ጻፉበት።

እነዚህን ሦስት ቃላት መጻፍ አይከብዳችሁም። ፍሬን፣ ማታ፣ ማሳ። "ማታ" እና "ማሳ" በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ ጥርት አድርጋችሁ ጻፉ። እኔ ከዚያ ወዲህ ሳልጽፍ ሽቦ ቆርጬ አላውቅም። ሽቦው ከተቆረጠ በኋላ ሦስት ጫፍ ከዚህ፣ ሦስት ጫፍ ከዚያ ተንጠልጥለው ሲያዩአችሁ፣ ልጅም መጥቶ ሲያናግራችሁ፣ ትዝ የሚላችሁ ነገር የለም።

ሙከራው ሲያልቅ ቁልፉን ዝጉ። አሁን ባትሪውን እንፈታለን። ባትሪው ሁለት ጆሮ አለው። በአንዱ ላይ የመደመር ምልክት (+) አለ፣ በሌላው የመቀነስ ምልክት (-)። ምልክቶቹን ከሒሳብ ታውቋቸዋላችሁ። መጀመሪያ የሚፈታው የመቀነሱ ነው። ለምን? የሞተር ሳይክሉ አካል በሙሉ ከመቀነሱ ጋር የተያያዘ ነው። ከመደመሩ ብትጀምሩና የያዛችሁት ቁልፍ ሸርተት ብሎ አካሉን ቢነካ እሳት ይተፋል። የመቀነሱ አስቀድሞ ከተፈታ ግን ቢነካም ምንም የለም። መልሳችሁ ስታስሩ ግልባጩ ነው። መደመሩ ይቀድማል፣ መቀነሱ መጨረሻ ይታሰራል።

ቀጥሎ አዲሱን መብራት ሳትገጥሙት ሞክሩት። ባትሪውን አውጥታችሁ መሬት ላይ ልታስቀምጡት ትችላላችሁ። የመሞከሪያዋን አምፖል በባትሪው መደመርና በመብራቱ ሽቦ መካከል አስገቡ። ለምን በመካከል? ተሳስታችሁ ሽቦና ሽቦ ቢገናኝ አምፖሏ ትበራለች እንጂ ምንም አይቃጠልም፤ ጠባቂ ናት። ከዚያ ሁለት ሁለት ሽቦ እያደረጋችሁ ሞክሩ፤ አንዱን ከመደመሩ ወገን፣ አንዱን ከመቀነሱ። ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ማሳ ነው፤ ከእሱ ጀምሩ። ኤል ኢ ዲ ከተገለበጠ አይበራም፤ ካልበራ ቶሎ አንሱና ሌላውን ሞክሩ። ፈዘዝ ብሎ የሚያበራው የማታ ነው። ደምቆ የሚያበራው የፍሬን ነው። አሁንም ጻፉና አስሩባቸው። ከዚህ በኋላ ሥራው ቃል ከቃል ማገጣጠም ነው። "ማታ" ከ"ማታ"፣ "ፍሬን" ከ"ፍሬን"፣ "ማሳ" ከ"ማሳ"።

አሮጌውን መብራት ፍቱ። ከብሎኖቹ ሥር ያሉትን ጎማዎች አትጣሉ፤ ለአዲሱ ያስፈልጋሉ። መንቀጥቀጡን የሚውጡለት እነሱ ናቸው። አዲሱን ስታስሩ አታጥብቁት፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ጠንከር እስኪል ድረስ፣ ከዚያ ግማሽ ዙር፣ በቃ። ፊቱም ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይመልከት። ወደ ሰማይ ያየ መብራት ለወፍ ነው።

ሽቦው ላይ ልቆይ፣ ጣጣው ያለው እዚህ ነውና። የሽቦውን ልባስ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ግፈፉ። ሁለቱን ጫፎች ፊት ለፊት አሳልፋችሁ ጠምዝዟቸው። እንደ ጭራሮ አንድ ላይ አትጠቅልሏቸው፤ ሲሳብ ይለቃል። ሊድና ካውያ ያለው ሰው ቢበይደው ይመረጣል። ሦስቱን መቀጠያዎች በአንድ ቦታ አታድርጓቸው። አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ይሁን። ናስትሮው ቢላላ እንኳ እርስ በርስ አይነካኩም። ናስትሮውን ለእያንዳንዱ ሽቦ ለየብቻ፣ እየሳባችሁ፣ ግማሹ በግማሹ ላይ እየተደረበ ጠቅልሉ። በሙቀት የሚሸበሸበውን ትንሽ ቱቦ ያገኘ ሰው በናስትሮ ፈንታ እሱን ያድርግ። ቱቦው ግን ሽቦው ሳይጠመዘዝ በፊት መግባት አለበት። እኔ ስንት ጊዜ ረስቼው መልሼ ፈትቻለሁ!

ማሳውን እንደ ትርፍ አትዩት። "ብረቱን ነክቷል፣ ይበቃዋል" ብለው የሚተዉት አሉ። ፓራፋንጎው ፕላስቲክ ከሆነ ምኑን ነካ? ብረትም ቢሆን ቀለምና ዝገት ይከለክለዋል። ማሳው ሲላላ መብራቱ አንድ ጊዜ ይበራል፣ አንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው አብሮ ይርገበገባል። መብራት አበደ ሲባል ብትሰሙ መጀመሪያ ማሳውን እዩ።

ከዚያ ሽቦው የሚያልፍበትን መንገድ ተመልከቱ። ሁለት ሰው መቀመጫው ላይ ይቀመጥና ይናጥ። ጎማው ወደ ላይ ይመጣል። ሽቦው ከጎማውና ከፓራፋንጎው መካከል ገብቶ ከሆነ በአንድ ቀን መንገድ ይበላል። በማሰሪያ ወደ ላይ ሰብስቡት። ከማርሚታውም አርቁት።

ቫልቮላው ቢቃጠልስ? ቫልቮላ በደህና ቀን አይቃጠልም። የሆነ ቦታ ሽቦ አካል ነክቷል ማለት ነው። ነገሩን ፈልጉ። ካገኛችሁ በኋላ በዚያው ቁጥር ቫልቮላ ተኩ። 10 ከነበረ 10 ይሁን። በሲጋራ ወረቀት ብር ወይም በወፍራም ሽቦ መተካት የተለመደ ነው፤ እኔም ሲሠራ አይቻለሁ። እንዲህ ሲሆን ቫልቮላው መቃጠሉን ይተዋል፤ በእሱ ፈንታ ከመቀመጫው ሥር ያለው ሽቦ ይቃጠላል። የቤንዚኑ ታንክ ደግሞ ከመቀመጫው አንድ ስንዝር ነው።

ፍሬቻ ያለበት መብራት የገዛችሁ ከሆነ ሌላ ነገር ታያላችሁ። ፍሬቻው እንደ ተቆጣ ሰው ዓይን ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል። መብራቱ አልተበላሸም። አሮጌው ፍላሸር የተሠራው ክር ላለው አምፖል ነው። ኤል ኢ ዲ የሚወስደው ትንሽ ስለሆነ አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። ለኤል ኢ ዲ የተሠራ ፍላሸር ቢተካ ይስተካከላል።

አሁን ባትሪውን እሰሩ፤ መደመሩ ይቀድማል ብለናል። ሙከራው እኔ ያን ጊዜ እንዳደረግኩት ቀይ አይቶ መነሳት አይደለም። ከቤት አንድ ሰው ጥሩ። እኔ የአሥር ዓመት ልጄን ነው የምጠራት። ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ትቆማለች። መጀመሪያ የማታውን ብቻ አበራለሁ። "አባዬ፣ በራ!" ትላለች። ከዚያ ሳልነግራት ፍሬን እይዛለሁ። ሳትጠየቅ "ጨመረ!" ካለች ሥራው ደህና ነው። "ምኑን?" ካለች ግን ወደ ሽቦው መመለስ ነው።

ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ሞክሩ። የእጁ ፍሬን ለብቻው፣ የእግሩ ፍሬን ለብቻው። በብዙዎቹ ሞተር ሳይክሎች እያንዳንዱ የራሱ ማብሪያ አለው። አንዱ ሠርቶ ሌላው ላይሠራ ይችላል። የእግሩን ማብሪያ የሚስበው ትንሽ ሞላ ነው። እሱ ሲላላ መብራቱ የሚበራው ፍሬኑ ከያዘ በኋላ ዘግይቶ ነው። የማብሪያውን ዳዶ ዞር ዞር እያደረጋችሁ አስተካክሉ። መብራቱ ፍሬኑ መንከስ ሳይጀምር ይቅደም። ደግሞም ሳትነኩት በርቶ እንዳይቀር። ሁልጊዜ የበራ የፍሬን መብራት ማንም አያምነውም።

ብቻችሁን ከሆናችሁ ማታ ሞተር ሳይክሉን ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አቁሙት። ፍሬን ስትይዙና ስትለቁ በግድግዳው ላይ ያለው ቀይ ብርሃን ሲጨምርና ሲቀንስ ዘወር ብላችሁ ታዩታላችሁ። እኔ ከመንገድ በፊት ሁልጊዜ ይህን አደርጋለሁ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በመጨረሻም አንድ ጣሳ ውኃ አፍስሱበት። አሁንም ከሠራ ክረምቱን ይችለዋል። ከሳምንት በኋላ ብሎኖቹን በእጃችሁ ነካ ነካ አድርጉ፤ ጠጠር መንገድ ብሎን ይፈታል።

ልረሳው ነበር። አሮጌው መብራት ሽፋኑ ላይ የንብ ቀፎ የመሰለ አንጸባራቂ ክፍል አለው። ኤሌክትሪክ ባይኖርም የመኪና መብራት ሲያርፍበት ቀይ ሆኖ ይታያል። ብዙዎቹ አዳዲስ ኤል ኢ ዲ መብራቶች ይህ የላቸውም። ባትሪያችሁ ሞቶ፣ ሞተር ሳይክሉን በጨለማ እየገፋችሁ ስትሄዱ መብራታችሁ ምንም አይሠራም፤ አንጸባራቂው ግን ይሠራል። ስለዚህ ቀይ አንጸባራቂ ግዙና ከሰሌዳው ሥር ለጥፉ። ከመለጠፋችሁ በፊት ቦታውን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት፤ ቅባትና አቧራ ባለበት አይዝም።

የዛሬው ንግግራችን እዚህ ላይ ያበቃል።